ሳብዉፈርን ከቤት ቴፕ ጋር እንዴት እናስማማው?

በዚህ እትም የሳይንስ አምዳችን ስለ ሳብዉፈር ነው። "ሳብዉፈር ደሞ ምን ሳይንስ አለው? ሰክቶ መክፈት ነው እንጂ!" የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም እንደዛ ነበር የሚመስለኝ። ነገር ግን ይሄ ዕቃ ቤታችን ገብቶ አንድ ወር ሳይሞላው ከጎረቤታችን ጋር ሊያቆራርጠን ነበር። ስለዚህ ያየሁትንና የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን በከኒሳ ቀሴ ነው። ከጎረቤታችን ከእትዬ ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ እንጋራለን። እኛ ቤት ራዲዮ ያለው አሮጌ አምፕሊፋየር፣ ፍላሽ የሚያነብ ዲቪዲና ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች አሉ። ሁሉንም አንድ ላይ "ቴፑ" እንለዋለን። ጠዋት ጠዋት አኮ፣ ማለትም አያቴ፣ ዜና ይሰሙበታል። ማታ ማታ ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ሙዚቃ ይከፍትበታል። ወንድሜ ሁልጊዜ "ቤዝ የለውም፣ ቤዝ የለውም" ይል ነበር። ባጃጅ እየነዳ ካጠራቀመው ብር ላይ ያገለገለ ሳብዉፈር ገዝቶ መጣ።

የመጀመሪያው ቀን ሠርግ ነበር ማለት ይቻላል። የሰፈር ልጆች በሙሉ በር ላይ ቆሙ። ቡፌ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ራሳቸው ይጨፍሩ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን አኮ ዜና ከፍተው ትንሽ ካዳመጡ በኋላ "ይሄ ሰውዬ በርሜል ውስጥ ገብቶ ነው እንዴ የሚያነበው?" አሉ። እኛ ሳቅን።

ሳምንት ሲሆነው እትዬ ቡና መምጣት አቆሙ። እናቴ ሁለት ጊዜ ላከችብኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ "ሥራ በዝቶብኝ ነው በላት" አሉኝ። በሦስተኛው እናቴ ቆሎ በሳህን አድርጋ "ሂድና ምን እንደሆኑ እይ" አለችኝ። ስገባ የእትዬ እናት ታመው ከገጠር መጥተዋል። አልጋቸው የተዘረጋው የኛን ግድግዳ ተጠግቶ ነው። "ቁጭ በል" አሉኝና ተቀመጥኩ። ያኔ ነው የራሳችንን ቤት ከውጭ የሰማሁት። ዘፈን የለም። ግጥም የለም። ክራር የለም፣ ኪቦርድ የለም። ድም፣ ድም፣ ድም ብቻ። ወንድሜ የትኛውን ዘፈን እንደከፈተ እንኳን መለየት አልቻልኩም። እትዬ ስለ ቴፑ አንድም ቃል አልተናገሩም። "እናቴን እንቅልፍ እምቢ ብሏቸው ነው" ብቻ አሉ። እኔ በጣም አፈርኩ።

ወደ ቤት ስመለስ ግን አንድ ጥያቄ ያዘኝ። ዘፈኑ የት ሄደ? ከአንድ ቴፕ የወጣ ድምፅ ሆኖ ለምን ድምድምታው ብቻ ግድግዳውን አለፈ? ይህንን ለሳይንስ መምህራችን ጠየቅኳቸው። ከዚያ እኔና ወንድሜ መሃል ከተማ ራዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ ሰውዬ ጋ ሄድን። ጋሼ ሥራ ከጨረሱ በኋላ አምሽተው ቤታችን ድረስ መጡልን። ከዚህ በታች የጻፍኩት ከሁለቱ የተማርኩትንና እኛ ራሳችን ሞክረን ያየነውን ነው።

1. ወፍራም ድምፅና ቀጭን ድምፅ

ድምፅ ማለት የአየር እርግብግቢት ነው። አንድ ነገር በ1 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚለካው በሄርትዝ ነው። ስያሜው ሄንሪክ ሄርትዝ ከሚባል የጀርመን ሳይንቲስት የመጣ ነው። ጤናማ የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርትዝ ድረስ ይሰማል። ዕድሜ ሲገፋ ግን ቀጭኑን ድምፅ መስማት ይቀንሳል።

ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ድምፁ ወፍራም ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ቀጭን ይሆናል። ባለ 20 ሊትር ባዶ ጀሪካንና ባለ 3 ሊትር ባዶ ጀሪካን በእጃችሁ ምቱ። ትልቁ "ዱም" ይላል፣ ትንሹ "ጠቅ" ይላል። ከበሮና ድቤም እንዲሁ ናቸው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ ወደ 41 ሄርትዝ ነው። ሳብዉፈር የተሠራው እነዚህን ከታች ያሉትን ወፍራም ድምፆች እንዲያወጣ ነው።

2. ትንሹ ስፒከር ለምን አይችልም?

ወፍራም ድምፅ ለማውጣት ብዙ አየር መግፋት ያስፈልጋል። ትንሽ ስፒከር ደግሞ እንደ ቡና ስኒ ስለሆነ ብዙ አየር መቅዳት አይችልም። ስልካችሁ ላይ ዘፈን ክፈቱና አዳምጡ። ዘፋኙ ይሰማል፣ ቤዝ ጊታሩ ግን የለም ማለት ይቻላል። ያንኑ ስልክ ጣሳ ውስጥ ስታስገቡት ድምፁ ይጎላል እንጂ እውነተኛ ቤዝ አይመጣም።

ሳብዉፈር ሰፊ ወረቀት (ሸራው) አለው፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብዙ ይንቀሳቀሳል። ሳጥኑስ ለጌጥ ነው? አይደለም። ሸራው ወደ ፊት አየር ሲገፋ በዚያው ቅጽበት ከኋላው አየር ይስባል። ሳጥን ከሌለ የፊቱና የኋላው ተገናኝተው ይጣፋሉ፣ ቤዙም ይጠፋል። ከሳጥን የወጣ ስፒከር ደካማ የሆነበት ምክንያት ይሄ ነው። ብዙ ሳብዉፈር ላይ ያለው ክብ ቀዳዳም የታሰበበት ነው፤ የኋላው አየር በትክክለኛው ጊዜ ወጥቶ የፊቱን እንዲያግዝ ተለክቶ የተሠራ ነው። ስለዚህ ቀዳዳውን በጨርቅ አትድፈኑት፣ ብስኩትም አትክተቱበት። (ትንሹ ወንድሜን ነው።)

3. ገመዱን ማገናኘት

መጀመሪያ ሁሉንም ዕቃ አጥፍቶ ከሶኬት መንቀል! የኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው፣ ቀልድ የለም። ልጆች ብቻችሁን አትንኩ፣ ትልቅ ሰው ይኑር።

አምፕሊፋየሩ ከጀርባው "ሳብ አውት" የሚል ቀዳዳ ካለው ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ገመድ ከዚያ ወደ ሳብዉፈሩ መግቢያ ይሄዳል፣ አለቀ። የኛው አሮጌ ስለሆነ ያ የለውም። አንዳንድ ሳብዉፈሮች ግን የስፒከር ገመድ የሚቀበል ሌላ መግቢያ አላቸው። እዚያ ላይ "ሃይ ሌቭል" ተብሎ ይጻፋል። የኛ ስላለው ከአምፕሊፋየሩ የስፒከር መውጫ ወደዚያ ወሰድነው። አደራ፣ የስፒከር መውጫን ለቀይና ነጩ ጃክ በተሠራው ቀዳዳ አታስገቡ። ጉልበቱ ስለሚበዛ ዕቃው ሊቃጠል ይችላል።

ጋሼ ገመዱን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። የግራው ትንሽ ስፒከር ቀይና ጥቁሩ ተገላብጦ ነበር! ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ማንም አያውቅም። እንደዛ ሲሆን አንዱ ስፒከር አየር ሲገፋ ሌላው ይስባል። የተሰናከለ ባጃጅ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆኖ ቢገፋው ይሄዳል? አይሄድም። ቤዝም እንዲሁ ነው። ጋሼ ገመዱን አስተካክለው ሳብዉፈሩ ጠፍቶ እያለ ዘፈን ሲከፍቱ ድሮ ያልነበረ ቤዝ መጣ። ወንድሜ ዝም አለ። ግማሹ ችግራችን ያለ ምንም ብር የሚፈታ ነበር።

ይህንን ለማወቅ ዘዴ አለ። ስፒከሩን ከአምፕሊፋየሩ ንቀሉትና ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ብቻ አስነኩት። የባትሪው ፖዘቲቭ ቀዩን ሲነካ ሸራው ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ወደ ውስጥ ከገባ ተገላብጧል ማለት ነው።

ገመድ አገናኝታችሁ "እምምም" የሚል ድምፅ ሳያቋርጥ ቢሰማ ደግሞ ዘፈን አይደለም፤ መብራቱ ነው። የመብራታችን ሞገድ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ የላላ ጃክ ወይም የተጎዳ ገመድ ያንን ይዞ ይገባል። ሳብዉፈር ደግሞ 50 ሄርትዝን በደንብ ነው የሚያወጣው። ገመዱን ቀይሩ፣ ከመብራት ገመድ አርቁት። መብራት ሲጠፋም ማብሪያውን አጥፉና ተመልሶ ሲረጋ ክፈቱ።

4. ሦስቱ ማስተካከያዎች

ከሳብዉፈሩ ጀርባ ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ቮሊዩም ነው። ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ያበዛዋል።

ሁለተኛው "ክሮስኦቨር" ወይም "ሎው ፓስ" የሚለው ማዞሪያ ነው። ይሄ ሥራ አከፋፋይ ነው። "ከዚህ በታች ያለውን ድምፅ አንተ ውሰድ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ለትንንሾቹ ተው" ይላል። 80 ላይ ካደረጋችሁት ሳብዉፈሩ በዋናነት ከ80 ሄርትዝ በታች ያለውን ይሠራል። ስፒከሮቹ በጣም ትንንሽ ከሆኑ ወደ 100 ወይም 120 ከፍ ማድረግ ይቻላል። ወንድሜ ግን "ብዙ ቁጥር ይሻላል" ብሎ እስከ መጨረሻው አዙሮት ነበር። የወንድ ድምፅ ወፍራሙ ክፍል ደግሞ 100 ሄርትዝ አካባቢ ነው። ስለዚህ ዜና አንባቢው በግማሽ በትንሹ ስፒከር፣ በግማሽ በሳብዉፈር ይናገር ነበር ማለት ነው። አኮ "በርሜል ውስጥ ነው" ያሉት ትክክል ነበሩ! እኛ በከንቱ ሳቅን።

ሦስተኛው "ፌዝ" ይባላል። ስሙን ስንሰማ እኔና ወንድሜ ተያይተን ሳቅን፤ የምር ግን ፌዝ አይደለም። 0 እና 180 የሚል ማብሪያ ነው። ሳብዉፈሩና ስፒከሮቹ እኩል እንዲገፉ፣ እኩል እንዲስቡ ያደርጋል። አንድ ሰው በሚቀመጥበት ቦታ ይቀመጥ፣ ሌላው ወዲያና ወዲህ ያድርገው። ቤዙ ሞላ ብሎ የተሰማበት ላይ ተዉት።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። አምፕሊፋየሩ ላይ ያለውን የቤዝ ማዞሪያ መሃል ላይ አድርጉ። የሳብዉፈሩን ቮሊዩም ዜሮ አድርጉ። በደንብ የምታውቁትን ዘፈን በልክ ክፈቱ። ክሮስኦቨሩን 80 ወይም 100 ላይ አድርጉ። ከዚያ የሳብዉፈሩን ቮሊዩም ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። "አሁን ሳብዉፈሩን ሰማሁት" ስትሉ ትንሽ መልሳችሁ ቀንሱ። መጨረሻ ላይ ዜና ክፈቱ። አንባቢው ከበርሜል ከወጣ ጨርሳችኋል።

ጋሼ ያሉትን እስካሁን አልረሳሁም። "ሳብዉፈር እንደ ወጥ ጨው ነው። በልኩ ሲሆን ማንም አያወራለትም፤ ሲጎድል ነው የሚታወቀው። ሲበዛ ደግሞ ወጡን ማንም አይበላውም።" እውነትም ካስተካከልነው በኋላ ያለ አይመስልም ነበር። ሲያጠፉት ግን ዘፈኑ ቀጠነ።

5. የት እናስቀምጠው?

ድምፅ በአየር ውስጥ በ1 ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህንን ለድግግሞሹ ስናካፍል የአንዱን ሞገድ ርዝመት እናገኛለን። የ50 ሄርትዝ ሞገድ 340 ለ50 ሲካፈል 6.8 ሜትር ነው። የኛ ሳሎን ርዝመቱ 4 ሜትር ብቻ ነው! ሞገዱ ከቤታችን ይበልጣል። ስለዚህ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ አንዳንድ ቦታ ይከማቻል፣ አንዳንድ ቦታ ይጠፋል። አኮ መሃል ላይ በርጩማቸው ላይ ሆነው "ይሄ ነገር ይሠራል እንዴ?" ሲሉ እናቴ ግድግዳ ተደግፋ "ኧረ ቀንሱት!" ትል ነበር። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ጥግ ላይ ማስቀመጥ ቤዙን ያበዛዋል፣ ግን ያጉረመርማል። ጋሼ ያሳዩን ዘዴ ደስ ይላል። ሳብዉፈሩን ሰው በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ታስቀምጡታላችሁ። ከዚያ ዘፈን ከፍታችሁ እናንተ ሊቀመጥባቸው በሚችሉ ቦታዎች ሁሉ ጎንበስ ብላችሁ እየተንፏቀቃችሁ ታዳምጣላችሁ። ቤዙ ጥርት ብሎ የተሰማበት ቦታ የሳብዉፈሩ ቦታ ነው። ወንድሜ ያን ሁሉ ቁመት ይዞ በአራት እግሩ ሲሄድ አኮ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ይህ ዘዴ ግን በትክክል ይሠራል።

6. ለምን ግድግዳ ያልፋል?

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። አንድ ከባድ የቆርቆሮ በር ቀስ ብላችሁ ብትገፉት ይሄድላችኋል። በ1 ሰከንድ ውስጥ ሺህ ጊዜ ወዲያ ወዲህ ላድርገው ብትሉ ግን ክብደቱ እምቢ ይላችኋል። ግድግዳም እንዲሁ ነው። ቀጭን ድምፅ በጣም ፈጣን ስለሆነ ግድግዳው እሱን ተከትሎ መርገብገብ አይችልም፤ አብዛኛውን ይመልሰዋል። ወፍራሙ ድምፅ ግን ቀስ ብሎ ስለሚገፋ ግድግዳው አብሮት ይነቃነቃል፣ በወዲያኛው በኩል ደግሞ አየሩን ይገፋል። ክራሩና ግጥሙ እኛ ጋ ሲቀሩ ድምድምታው የታመመች ሴት አልጋ ላይ የደረሰው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ሙሉውን ዘፈን እየሰማን ስለነበር ለጎረቤት ምን እንደምንልክ አናውቅም ነበር።

ስለዚህ ምን አደረግን? ሳብዉፈሩን ከእትዬ ግድግዳ አንስተን በመንገድ በኩል ወዳለው ግድግዳ ወሰድነው፤ ከግድግዳውም አራቅነው። ከሥሩ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ አራት ቁራጭ አደረግን፣ ወለሉን እንዳያንቀጠቅጥ። ከዚያ ወንድሜ ዘፈን ከፈተ፣ እኔ እትዬ ቤት ሄጄ አዳመጥኩ። እውነቱን ለመናገር ፈጽሞ አልጠፋም። ጎማ ወለሉን ይረዳል እንጂ በአየር የሚሄደውን ቤዝ አያቆምም። ወጥቼ "ቀንስ!" አልኩት። ቀነሰ። "ጨምረህ ቀንስ!" ተጣላን። በመጨረሻ ግድግዳው ላይ ጆሮዬን ካልለጠፍኩ የማይሰማበት ቦታ ላይ ደረስን። ወንድሜ እዚያው ማዞሪያው ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አደረገ። ከምልክቱ ማለፍ ክልክል ነው። ከምሽቱ 2:30 በኋላ ደግሞ ሳብዉፈሩ ይጠፋል። እትዬ ከተቸገሩ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ያንኳኳሉ፣ እኛም ወዲያው እንቀንሳለን።

በማግስቱ የእትዬ እናት "ዛሬ ልጆቹ የት ሄዱ? ቤቱ ጭር አለ" ብለው ጠየቁ አሉ። እሁድ ዕለት እትዬ ለቡና መጡ። ስለ ቴፑ አሁንም ምንም አልተናገሩም። እናቴ ግን ሁለተኛውን ስኒ ስትሰጣቸው ሁለቱም ሳቁ። "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" የሚባለው ለካ እውነት ነው።

7. ስለ ሚኒ ሚዲያችን

ባለፈው የክበባችን ስብሰባ ላይ አንዳንድ አባላት "ለሚኒ ሚዲያውም ሳብዉፈር ይገዛ" ብለው ነበር። እኔ ያኔ እጄን አውጥቼ ደግፌ ነበር። አሁን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ግቢያችን ውስጥ ያለው የጥሩንባ ድምፅ ማጉያ የተሠራው ለንግግር ነው። ቃላትን እንድንለይ የሚያደርጉን እነ "ሰ"፣ "ፈ"፣ "ተ" ሲሆኑ ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ ከሳብዉፈር ሥራ በጣም በላይ ነው። የድሮው ስልክ መስመር ከ300 እስከ 3,400 ሄርትዝ ያለውን ብቻ ነበር የሚያሳልፈው፣ ሆኖም ሰው የእናቱን ድምፅ ይለይ ነበር። ስለዚህ በሰልፍ ላይ መልእክት የማይሰማ ከሆነ የሚያስፈልገን ቤዝ አይደለም። ማይኩን አፍ ጋ አቅርቦ፣ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን ጨርሶ መናገር ነው። በወላጆች ቀን ለሙዚቃው ሳብዉፈር ብንከራይ ጥሩ ነው፤ ርዕሰ መምህራችን ሲናገሩ ግን ይጥፋ።

ስለ ጆሮም አንድ ነገር ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች ጆሮ የሚመክረው በሳምንት 40 ሰዓት ቢሆን ከ75 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ነው፤ ለአዋቂ ደግሞ 80። ድምፁ ሲጨምር ሰዓቱ በፍጥነት ያንሳል። ከሙዚቃ በኋላ ጆሯችሁ "ጪጪ" ካለ አልፋችኋል ማለት ነው።

ይህን ያውቃሉ? ዝሆኖች ከ20 ሄርትዝ በታች በሆነ፣ የሰው ጆሮ በማይሰማው ወፍራም ድምፅ ይነጋገራሉ። ድምፁ ብዙ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። የባቢሌ ዝሆኖችም እንዲሁ ናቸው። የዝሆን ሳብዉፈር መብራት አይፈልግም!

የዛሬው ጥያቄ፦ የ100 ሄርትዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ ስንት ሜትር ይረዝማል? መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ የሚኒ ሚዲያ ሳጥን ውስጥ ክተቱ። ቀድሞ ለመለሰ ተማሪ ስሙ በሰልፍ ላይ ይነበባል፤ ያለ ቤዝ።

ለዛሬ በዚሁ አበቃሁ። ማታ ቴፕ ስትከፍቱ አንድ ቀን ጎረቤት ሄዳችሁ የራሳችሁን ቤት አዳምጡ። ቸር እንሰንብት።

ከ7ኛ ክፍል ተማሪ፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል